የዕጢ ውስጥ መከላከያ ሕዋሳትን በሰው ሠራሽ አስተውሎት መለካት፦ ከዋሂል የሚነሣ ናሙና ምን ይጠይቃል?

የካንሰር ዕጢ የካንሰር ሕዋሳት ክምችት ብቻ አይደለም። ሊምፎሳይት የተባሉ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳትም ወደ ውስጡ ሰርገው ይገባሉ፤ ብዛታቸውም ስለ ታካሚዋ የወደፊት ሁኔታ ይጠቁማል። እ.ኤ.አ. በ2024 ጃማ በተሰኘው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚባለው የጡት ካንሰር ሳይስፋፋ የተገኘባቸውንና ኬሞቴራፒ ያልወሰዱ 1,966 ታካሚዎችን ተመልክቷል። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ከነበሩት መካከል የሊምፎሳይት መጠናቸው 50 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነው 95 በመቶዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፤ ከ30 በመቶ በታች ከሆነው ግን 82 በመቶዎቹ።

መጠኑ የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ነው። ፓቶሎጂስቱ በሄማቶክሲሊንና በኢኦሲን የቀለመውን ስላይድ እየተመለከተ፣ በካንሰር ሕዋሳቱ መካከል ካለው ደጋፊ ሕብረ ሕዋስ ምን ያህሉ በሊምፎሳይት እንደተሸፈነ ይገምታል። ግምት በመሆኑ ሁለት ባለሙያዎች አንዱን ስላይድ አይተው የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የታሰበው ለዚህ ነው። ስላይዱ በስካነር ወደ ዲጂታል ምስል ይለወጣል፤ ምስሉም ወደ ብዙ ትናንሽ ቁራጮች ይከፈላል። ፕሮግራሙ ባለሙያዎች ምልክት ካደረጉባቸው ምስሎች በተማረው መሠረት የካንሰር ሕዋሱን፣ ደጋፊ ሕብረ ሕዋሱንና ሊምፎሳይቱን ለይቶ የተሸፈነውን ስፋት ያሰላል። ያንኑ ምስል ደግሞ ቢያይ መልሱ ያው ነው። ፓቶሎጂስት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ ከስላይዱ በፊት የሆነውን አያውቅም። በድሬዳዋ አስተዳደር ገጠር ከምትገኘው ከዋሂል አንዲት ሴት ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ብትነሣ፣ መንገዷ ወደ ከተማው ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል፣ ምናልባትም ሐረር ወዳለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ይሆናል። የሚወሰድላት ናሙና ግን የራሱ ሰዓት አለው። ዓለም አቀፍ መመሪያዎች በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ እንዲገባ፣ በዚያም ከ6 እስከ 72 ሰዓት እንዲቆይ ያዝዛሉ። በድሬዳዋ ሙቀት ፎርማሊን ሳያገኝ የዋለ ናሙና ፈጥኖ ይበላሻል። በመሞት ላይ ያለ የካንሰር ሕዋስ ኒውክለሱ ተኮማትሮ ሲጠቁር ሊምፎሳይት ይመስላል፤ ልምድ ያለው ዐይን ይጠረጥረዋል፣ ፕሮግራሙ ግን ሊቆጥረው ይችላል። የቀለም ነገርም አለ፦ በአንድ ቤተ ሙከራ ስላይዶች ብቻ የተማረ ፕሮግራም፣ ሐምራዊው በደመቀበት ወይም በሳሳበት የሌላ ቤተ ሙከራ ስላይድ ላይ ሊሳሳት ይችላል። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም በአገር ውስጥ ስላይዶች ሳይፈተን ለታካሚ ውሳኔ ሊውል አይገባም።

ሌላ ገደብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ የአዲስ አበባ ጥናት እንዳሳየው፣ ከተመረመሩት የጡት ካንሰር ዕጢዎች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የኢስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው ናቸው። በእነዚህ ላይ የሊምፎሳይት ብዛት ትርጉም እንደ ትሪፕል ኔጋቲቩ የጠራ አይደለም። ስለዚህ የተቀባይ ምርመራው ከቆጠራው ይቀድማል። ታሞክሲፈን እንክብል ለዋሂሏ ሴት ይጠቅማት እንደሆነ የሚለየው እርሱ ሲሆን፣ የሚሠራውም በዚያው ፎርማሊን ውስጥ በቆየው ቁራጭ ላይ ነው።