ከተረፈ ክር ለአራስ ልጅ

ሹራብ ወይም ዳንቴል የሚሠራ ሰው ባለበት ቤት የክር ትርፍራፊ የታጨቀበት ፌስታል አይጠፋም። ለእጅጌ ያልበቃ ቢጫ፣ ከኮፍያ የቀረ ሰማያዊ፣ ለምን እንደተገዛ የተረሳ ወይን ጠጅ። አንዱም ለብቻው ልብስ አይወጣውም። ሲሰባሰቡ ግን የሕፃን ብርድ ልብስ ይሆናሉ፤ ለዚህ ሥራ ደግሞ ኪሮሽን የሚያህል መሣሪያ የለም።

ምክንያቱ አሠራሩ ነው። ሹራብ በሁለት መርፌ ሲሠራ የመደዳው ቀለበቶች በሙሉ መርፌው ላይ ተሰክተው ተራቸውን ይጠብቃሉ፤ አንዱ ካመለጠ ወደ ታች ይተረተራል። በኪሮሽ ግን አብዛኛውን ጊዜ ክፍት ሆኖ የሚቆየው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ስለዚህ ክሩ ባለቀበት ቆርጦ በሌላ ቀለም መቀጠል አያስቸግርም። ሹራብ ማሽን ከገባለት ዘመናት አልፈዋል፤ እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ ግን ዛሬም በገበያ ሲገኝ የሰው እጅ ያረፈበት ነው።

ለትርፍራፊ የሚመረጠው ከመሃል ተጀምሮ በአራት ማዕዘን እየሰፋ የሚሄደው፣ ፈረንጆች ግራኒ ስኩዌር የሚሉት ንድፍ ነው። ታትሞ ከተገኘው ሁሉ ቀዳሚው ማብራሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1885 ፕሬይሪ ፋርመር በተባለ የአሜሪካ ገበሬዎች ጋዜጣ ላይ ነው። አራት ሰንሰለት ተሠርቶ ጫፍና ጫፉ ይገጠማል። በዚያ ክብ ውስጥ ሦስት ሦስት ቋሚ ያላቸው አራት ዘለላዎች ይሠራሉ፤ በመካከላቸው የሚተወው ክፍተት ማዕዘን ይሆናል። በሁለተኛው ዙር እያንዳንዱ ማዕዘን ሁለት ዘለላ ይቀበልና ቁጥሩ ስምንት ይደርሳል። በሦስተኛው አሥራ ሁለት።

ሒሳቡ እዚህ ላይ ይጠቅማል። እያንዳንዱ ዙር ካለፈው 12 ቋሚ ይበልጣል፤ የመጀመሪያው ዙር 12 ቋሚ ካለው አሥረኛው 120 ይኖረዋል፣ የሚበላው ክርም የዚያኑ ያህል አሥር እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ቁራጭራጩ ክር ለመሃል፣ ትልቁ ልቃቂት ለዳር ይቀመጣል። ይህን ሳያስብ የጀመረ ሰው ክሩ ዙሩን ሳይጨርስ ያልቅበታል።

ቀለም እንደልብ ቢቀላቀልም ውፍረት ግን አይቀላቀልም፤ ቀጭኑ ወፍራሙን ይሰበስብና ብርድ ልብሱ ይጨማደዳል። የክሩ ዓይነትም ይታሰብበታል፦ ያልታከመ የበግ ሱፍ በሙቅ ውኃ ሲታሽ ይኮማተራል፣ አክሪሊክ ደግሞ መታጠብ ቢችልም ካውያ ያቀልጠዋል። ቀለም በተለወጠ ቁጥር ሁለት የክር ጫፍ ይቀራል። ትዕግሥት የሚፈተነውም በዚህ ነው፦ ጫፉ በመርፌ ወዲያና ወዲህ ተመላልሶ በደንብ ካልተሸሸገ እጥበት ያወጣዋል፣ የሕፃን ጣትም ሊጠመጠምበት ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ዓመት ያልሞላው ልጅ ሲተኛ አልጋው ላይ ልቅ ብርድ ልብስ እንዳይኖር ይመክራል። እንዲህ ያለው ሥራ እንግዲህ ለማቀፊያና ወለል ላይ ለማንጠፊያ ነው፣ ያውም አዋቂ እያየ።

በእጅ የተሠራ ብርድ ልብስ የታመመ ልጅንም ያጽናናል። እ.ኤ.አ. በ1995 ካረን ላውክስ የተባለች የአሜሪካ ኮሎራዶ ነዋሪ በካንሰር ሕክምና ላይ ስለነበረች ሕፃን አነበበች፤ ልጅቷን ያጽናናት ከእጇ የማትለየው ብርድ ልብሷ ነበር። ላውክስ በዴንቨር ከተማ ለሚገኝ የሕፃናት ካንሰር ማዕከል ብርድ ልብስ ማሰባሰብ ጀመረች። ፕሮጀክት ላይነስ የተወለደው እንዲህ ነው፤ ስሙም ብርድ ልብሱን ከማይጥለው የቻርልስ ሹልዝ የካርቱን ልጅ የተወሰደ ነው። በጎ ፈቃደኞቹ እስከ ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ አድርሰዋል።

በእኛ ዘንድ ኪሮሽ ይበልጥ የሚታወቀው በቴሌቪዥንና በሶፋ ላይ በሚነጠፈው ነጭ ዳንቴል ነው። ያ ሙያ ሳይባክን ወደ አራስ ጥየቃ ስጦታ ቢዞር እንዴት ጥሩ ነበር! የሚለወጠው ጥቂት ነው፤ ለዳንቴል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነው ኪሮሽ ለብርድ ልብስ 4 ወይም 5 ይሆናል። ክር አጥብቆ መያዝ የለመደ እጅም ላላ ማድረግ አለበት፤ የጠበቀ ሥራ እንደ ምንጣፍ ይደርቃል።