ማኅተም ፈቺው ኢንዛይም

ከካምፓላ በስተደቡብ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የምትገኘውን ሙንዮንዮን ምእመናን የሚያውቋት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1886 ዓ.ም. ሰማዕቱ እንድርያስ ካግዋ ደሙን ያፈሰሰባት ቦታ በመሆኗ ነው፤ በፊቷ የተንጣለለው የመርቺሰን ወሽመጥ ግን ለሥነ ሕይወት ተማሪ ሌላ ትምህርት ይዟል። የናኪቩቦ ቦይ የከተማይቱን እድፍ እያጋዘ ስለሚያፈስበት፣ ማይክሮሲስቲስ የሚባለው ረቂቅ ፍጡር በዚያ ፍሳሽ ጠግቦ እየበዛ ውሃውን አረንጓዴ ያለብሰዋል፤ ማይክሮሲስቲን የተባለውንም መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ ዋና ዒላማው ያደረገው ፕሮቲን ፎስፋቴዝ የሚባሉትን ኢንዛይሞች ስለ ሆነ፣ እነርሱን ለማስተዋወቅ ከጠላታቸው መነሣትን መርጫለሁ።

በሕዋስ ውስጥ ካይኔዝ የተባሉት ኢንዛይሞች በፕሮቲን ላይ ፎስፌትን እንደ ማኅተም ሲያትሙ፣ ፎስፋቴዞች ማኅተሙን ይፈታሉ፤ ፕሮቲኑም እንደ መታተሙና እንደ መፈታቱ ሥራውን ይጀምራል ወይም ይተዋል። ይህን ምሥጢር የገለጡት ኤድመንድ ፊሸርና ኤድዊን ክሬብስ በ1992 የኖቤል ሽልማት ተቀብለውበታል።

ሕዋስ ሲጎዳ ወይም አገልግሎቱ ሲፈጸም ራሱን በሥርዓት የሚያፈርስበት ግብር አለው፤ ያለዚህ ሞት የፅንስ ጣቶች እርስ በርሳቸው ተጣብቀው በቀሩ ነበር። ባድ የተባለው ፕሮቲን ማኅተሙ ሳለበት ታስሮ ይቀመጣል፤ ፎስፋቴዝ ሲፈታው ግን ወደ ማይቶኮንድሪያ ሄዶ፣ የሕዋሱን ሕይወት የሚጠብቁትን ፕሮቲኖች ይዞ ከሥራቸው በማገድ ሞቱን ያፋጥናል። ከዚህ የተነሣ ፎስፋቴዝን የሞት አገልጋይ ብቻ አድርጎ መቍጠር ይቀላል፤ እንደዚያ ቢሆን ኖሮማ እርሱን የሚያግድ መርዝ ዕድሜ በቀጠለ ነበር!

ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። ማይክሮሲስቲን የጉበት ሕዋሳት ሌላ ነገር በሚያስገቡበት መተላለፊያ ገብቶ ሁለቱን ታላላቅ ፎስፋቴዞች፣ ፒፒ1ንና ፒፒ2ኤን፣ ሲይዛቸው፣ የማይፈታ ፎስፌት በየፕሮቲኑ ላይ ይከማቻል፤ የሕዋሱን ቅርጽ የሚያቆመው አውታር ይፈርሳል፤ ሕዋሳቱ ከጎረቤቶቻቸው ተለያይተው፣ ከፊሎቹም በዚያው በሥርዓተ ሞት አልፈው፣ ጉበቱ ይደማል። በ1996 በብራዚል ካሩዋሩ ከተማ ደማቸው በመሣሪያ ይጣራላቸው ከነበሩ የኩላሊት ሕሙማን ከ50 በላይ የሞቱት በዚህ መርዝ ነው።

ማይክሮሲስቲን በአገራችንም በቆቃ ሐይቅ ተገኝቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ በሊትር 1 ማይክሮግራም ወሰን ያኖረለት ሲሆን፣ ውሃን ማፍላት ፍጡሩን ቢገድለውም መርዙን አያጠፋውም፤ እንዲያውም ከሕዋሱ አውጥቶ በውሃው ውስጥ ይበትነዋል።