ኮሶ፤ ጥቅሙና ጉዳቱ

አንድ ነገር ሲከፋብን «እንደ ኮሶ መረረኝ» እንላለን። ዐፄ ቴዎድሮስንም ጠላቶቻቸው ሊያዋርዷቸው ሲፈልጉ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ይሏቸው እንደ ነበር ይነገራል። ይሁን እንጂ ይህ ስሙ የተናቀ ዛፍ ለአያቶቻችን ትልቅ ሐኪም ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ኮሶ በምን እንደሚጠቅምና በምን እንደሚጎዳ በአጭሩ ለመግለጽ ነው።

በመጀመሪያ በሽታውን እንወቅ። ትሉ ያለበት ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል በሣሩ ላይ ይቀራል። ከብቱም ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን አብሮ ይበላል፤ በሥጋው ውስጥም የገብስ ፍሬ የሚያህል ነጭ ከረጢት ይበቅላል። ያን ሥጋ በጥሬው የበላ ሰው ሦስት ወር ሳይሞላው በአንጀቱ ውስጥ ብዙ ሜትር የሚረዝም ትል ያድርበታል።

የኮሶ ዛፍ እንደ መንዝና እንደ ጊሼ ባሉ ደጋ አገሮች የሚበቅል ነው። ዛፉ ወንዴና ሴቴ አለው፤ ለመድኃኒት የሚመረጠው የሴቴው ቀይ አበባ ነው። አበባው ደርቆ ይወቀጥና በውሃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በማለዳ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ትሉም በተቅማጥ ይወጣል። በ18ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጐበኘው ጀምስ ብሩስ ስለዚህ ዛፍ ጽፏል፤ በ19ኛውም መቶ ዓመት አበባው በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ጥቅሙ ተረት አይደለም።

ነገር ግን ትሉን የሚገድለው መርዝ ሰውንም አይምርም። ኮሶ ብዙ ሲጠጣ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል፤ የዐይንን ጅማት ጎድቶ እስከ መታወር ያደርሳል፤ ነፍሰ ጡርንም ያስወርዳታል። ከሁሉ የሚከፋው ልክ የሌለው መሆኑ ነው። አያቴ የምትለካው በዕፍኝዋ ነበር፤ ነገር ግን አዲስ አበባ ኃይለኛ ነው፤ የከረመ ደግሞ ይደክማል፤ ዕፍኝ ይህን አይለይም። አንድ ጎረቤታችን ትሉ አልወጣ ቢላቸው በማግሥቱ ደግመው ጠጡ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሳቸው አድሮ ሲነጋ በቃሬዛ ወደ ሐኪም ተወሰዱ። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል፤ እኔም ይህን ለመጻፍ የተነሣሁት ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

እንግዲያስ የአባቶችን መድኃኒት እንጣለውን? አይደለም። የቻይናን ምሳሌ እንመልከት። ቱ ዩዩ የተባሉ ቻይናዊት ሊቅ ከእኛ አሪቲ ጋር ዘመድ የሆነ፥ በጥንት መጻሕፍት የተመሰገነ አንድ ቅጠል ከጓደኞቻቸው ጋር መረመሩ። በ1972 በፈረንጆች አቆጣጠር ወባን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ፤ በ2015ም የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። በቆላ ለወባ ሕሙማን የሚሰጠው ኮአርተም የተባለው ክኒን ከዚሁ ቅጠል የተገኘ ነው። እነርሱ ቅጠሉን አልናቁም፤ ነገር ግን በዕፍኝ አልተዉትም፤ መረመሩት፥ ለኩትም።

የእኛም ኮሶ እንደዚሁ መርማሪ ይፈልጋል። እስከዚያው ድረስ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ፤ በሰውነት ክብደት ተለክቶ አንድ ጊዜ ቢዋጥ ይበቃል። ስለዚህ ትል ያለበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ይልቁንም ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን ኮሶ አይቅመሱ። ሁላችንም ሥጋን አብስለን እንብላ፤ በመጸዳጃ ቤትም እንጠቀም። ይህን ካደረግን ኮሶን የምንፈልግበት ቀን ራሱ ይቀራል።