ዳቦ ያቆመ ሰው ለሴሊያክ ምርመራ ሲል መልሶ መብላት ይኖርበታል?

በምዕራብ ለንደን፣ ዋይት ሲቲ የምትኖር አንዲት እናት እናስብ። ለዓመታት ሆዷን ሲነፋት፣ ሲያስቀምጣትና ድካም ሲጫጫናት ቆየች። ዳቦና ፓስታ ባቆመች በወሩ ግን ቀለል አላት። ይህንን ለሐኪሟ ስትነግር ያልጠበቀችውን መልስ ሰማች፤ ሴሊያክ የተባለው ሕመም እንዳለባትና እንደሌለባት ለመለየት፣ የተወችውን ዳቦ ለሳምንታት መልሳ መብላት ይኖርባታል።

ይህች እናት የምናብ ሰው ናት። ጥያቄው ግን በርካቶች የሚገጥማቸው ነው፤ የተሻለውን ሰው መልሰህ ታመም እንደ ማለት ስለሚመስልም ብዙዎች ይሸሹታል።

ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በተባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የተሰኘ ፕሮቲን ሲበላ፣ የሰውነት በሽታ የመከላከል ሥርዓት የራሱን ትንሹን አንጀት የሚያጠቃበት ሕመም ነው። በብሪታኒያ ከ100 ሰዎች አንዱ ገደማ እንዳለበት ይገመታል። አንዳንዱ ሰው ሆዱን ጨርሶ ሳያመው፣ በማይድን የደም ማነስ ወይም በአጥንት መሳሳት ብቻ ይታወቅበታል።

የመጀመሪያው የደም ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ለግሉተን ምላሽ ሲሰጥ የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። ግሉተን ሲቋረጥ እነሱም ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ፤ አንጀቱም ያገግማል። ስለዚህ ሕመሙ እያለ ውጤቱ "የለም" ሊል ይችላል። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ጭስ እንደ መፈለግ ነው።

በዚህ ምክንያት ናይስ በሚል ምኅጻር የሚታወቀው የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም እአአ በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ተመርማሪው ቢያንስ ለ6 ሳምንታት በየቀኑ፣ ከአንድ ማዕድ በላይ ግሉተን ያለበት ምግብ እንዲመገብ ይመክራል። አንድ ቁራጭ የስንዴ ዳቦ 2 ግራም ገደማ ግሉተን አለው።

የሕመሙ መንስኤ የተለየውም ዳቦ ጠፍቶ ሲመለስ በታየው ለውጥ ጭምር ነው። ኔዘርላንድስ እአአ በ1944 እና 45 ክረምት በረሃብ ስትመታ፣ የሕፃናት ሐኪሙ ቪለም ካረል ዲከ ሴሊያክ ያለባቸው ሕፃናት ዳቦ በጠፋበት ወቅት እንደተሻላቸው፣ ዳቦ ሲመለስ ደግሞ እንዳገረሸባቸው አስተዋለ። ስንዴን ቀድሞም ይጠረጥር ነበር።

እንጀራው ከምን ተጋገረ?

ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ አንድ ተጨማሪ ቋጠሮ አለው። ጤፍ ግሉተን የለውም። ዳቦ ትቶ ንጹሕ የጤፍ እንጀራ ብቻ የሚበላ ሰው ሳያስበው ከግሉተን ርቋል፤ የደም ምርመራውም ሊያታልለው ይችላል።

በሌላ በኩል በውጭ አገር የሚጋገር እንጀራ ሁሉ የጤፍ ብቻ አይደለም። ጤፍ ውድ በመሆኑ፣ እንዲሁም እንጀራው እንዲለሰልስ ተብሎ የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት ይቀላቀልበታል፤ በለንደን ሰልፍ ሬይዚንግ የሚባለው የስንዴ ዱቄት በብዙ ቤት ይታወቃል። እርሾውም ከተቀላቀለ ሊጥ የተረፈ ሊሆን ይችላል። ሊጡ መቡካቱ ግሉተኑን አያጠፋውም። ስለዚህ "እንጀራ ብቻ ነው የምበላው" የሚለው መልስ ለሐኪሙ በቂ አይደለም፤ ለነገሩ ሐኪሙም ላይጠይቅ ይችላል። በሶ፣ የገብስ ቆሎ፣ የስንዴ ቂንጬና በገብስ ብቅል የተጠመቀ ጠላም ግሉተን አላቸው። በብሪታኒያ ታሽጎ በሚሸጥ እንጀራ ላይ ስንዴና ገብስ ካሉበት ጎላ ብለው እንዲጻፉ ሕጉ ያስገድዳል።

ተሽሎኝ ሳለ ማረጋገጥ ለምን?

ሴሊያክ ከሆነ ጥንቃቄው የዕድሜ ልክ ነው፤ ፍርፋሪም ይቆጠራል። ማስረጃ የሌለው ሰው ለሠርግና ለበዓል ሲል "ዛሬ ብቻ" ማለቱ አይቀርም፤ ጉርሻ በሚበዛበት ማዕድ ደግሞ እምቢ ማለት ቀላል አይደለም። ሕመሙ ከተረጋገጠ የአጥንት ጥንካሬና የደም መጠን ክትትል ይደረጋል፤ የመያዝ ዕድላቸው ከሌላው ሰው ከፍ ያለ ስለሆነም ወላጆች፣ ልጆችና ወንድም እህቶች ይመረመራሉ። ሴሊያክ ካልሆነ ደግሞ የሕመሙ ምክንያት ሌላ ነው፤ ያም ሳይታወቅ መቅረት የለበትም።

ይህ ሲባል ሁሉም ይሞክረው ማለት አይደለም። ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና ግሉተን ክፉኛ የሚያማቸው ሰዎች ያለ ስፔሻሊስት ምክር መጀመር የለባቸውም። ለእነሱ የዘር ምርመራ ሊረዳ ይችላል፤ ከምግብ ጋር አይያያዝምና። ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉት የዘር ምልክቶች የሌሉበት ሰው ሴሊያክ የመሆን ዕድሉ እጅግ ጠባብ ነው። ምልክቶቹ መገኘታቸው ግን ሕመሙ አለ ማለት አይደለም፤ ብዙ ጤነኞችም አሏቸው። በግሉተን መሞከር የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው ወደ አንጀት ሐኪም ሊላክ ይገባል።

ዳቦ ገና ያልተወ ሰው ሥራው ቀላል ነው፤ ደሙ እስኪመረመር አለመተው። የደም ውጤቱ ሴሊያክን ቢጠቁምም ወዲያው ማቆም አይገባም። አዋቂዎች ብዙውን ጊዜ በጉሮሮ በሚገባ ካሜራ የአንጀት ናሙና ይወሰድላቸዋል፤ ያ እስኪሆን ዳቦው ከማዕዱ መራቅ የለበትም። ወረፋው ሲረዝም ወይም ሕመሙ ሲበረታ፣ በራስ ውሳኔ ከማቋረጥ በፊት ለሐኪሙ መደወል ይሻላል።