የገብሱ መድኃኒት ወንዝ ሲገባ

በጣና አካባቢ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች የብርብራን ፍሬ ወቅጠው ወንዝ ውስጥ ይበትናሉ። ጥቂት ቆይቶ ዓሣው ይሰክራል፤ ከውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በእጅ ይለቀማል። ብርብራ ይህን የሚያደርገው ሮቴኖን የሚባል መርዝ ስላለው ነው። ይኸው ሮቴኖን በሌላ አገር የተባይ ማጥፊያ ሆኖ ሲሸጥ ኖሯል። ለካ ተባይንና ዓሣን የሚገድለው አንድ ነገር ሊሆን ይችላል!

በመንዝና በግሼ ገብሱንና ባቄላውን ክሽክሽ ሲወረው ገበሬው ፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጫል። መድኃኒት ይባል እንጂ መርዝ ነው። ማላታዮን የተባለውን እንውሰድ። ክሽክሹን የሚገድለው ነርቩን አውኮ ነው። በወንዝ ድንጋይ ሥር ያሉት ጥቃቅን ነፍሳት፣ ሸርጣኑም፣ ዓሣውም ነርቭ አላቸው። መርዙ ይህ ክሽክሽ ነው፣ ያ ሸርጣን ነው ብሎ አይለይም።

ታዲያ ማሳ ላይ የተረጨው ወንዝ እንዴት ይደርሳል? ክረምት ሲገባ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። መርዙም አብሮ ይወርዳል። ሞፈር ውሃ ይገባል፣ ከዚያም ወደ ጀማ፣ ወደ መርሐቤቴ ቆላ። ከዚህ የሚብሰው ግን መርጫን ወንዝ ዳር ማጠብ ነው። በገበያ ካራቴ የሚባለው ለዓሣና ለሸርጣን እጅግ ብርቱ ነው፤ ጥቂት ጠብታው የአንድ ትንሽ ኩሬ ዓሣ ሊፈጅ ይችላል። ዓሣው ራሱ ቢተርፍ እንኳ የሚበላቸው ነፍሳት ያልቁበትና ይራባል።

ዲዲቲ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ቶሎ አይጠፋም፤ ስብ ውስጥ ይከማቻል። ነፍሳቱን ዓሣ፣ ዓሣውን ወፍ ወይም ሰው ሲበላው እየበዛ ይሄዳል። ኢትዮጵያ ዲዲቲን ከእርሻ የሚከለክለውን የስቶክሆልም ስምምነት በ1995 ዓ.ም. ተቀብላለች። ከዚያ በኋላም እኮ በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ውስጥ ዲዲቲ ተገኝቷል።

ስለዚህ መርጫው ከወንዝና ከምንጭ ርቆ ይታጠብ። እጣቢውም እዚያው በተረጨው ማሳ ላይ ይረጭ። ባዶው ጠርሙስ ለዘይትም ለውሃም መያዣ አይሆንም።

ውሃው ጥርት ብሎ ቢታይ አትመኑት። ወንዝ ውስጥ አንድ ድንጋይ ገልብጡ። ከሥሩ ሲርመሰመሱ የነበሩት ነፍሳት ድንገት ከጠፉ፣ ከበላይ ያለው ጎረቤት ሰሞኑን ምን እንደረጨ ጠይቁ።