ልጆቻችን በበይነ መረብ ጨዋታ ከማን ጋር ይውላሉ?

ሐምሌና ነሐሴ በአሶሳና በአካባቢዋ ዝናቡ የሚበረታበት፣ ትምህርት ቤትም የሚዘጋበት ጊዜ ነው። ልጆች ከቤት ሲውሉ ወላጅ «ከዓይኔ አልራቁም» ብሎ ይረጋጋል። ነገር ግን በእጃቸው ያለው ስልክ ከበይነ መረብ ከተገናኘ በሩ ተዘግቶም ከማያውቁት ሰው ጋር ይነጋገራሉ። ጌታችን በበሩ ሳይሆን በሌላ በኩል ስለሚገባው ሌባ ማስተማሩ (ዮሐ. 10፥1) ለዚህ ዘመን ወላጅም ማስጠንቀቂያ ነው።

እንደ ፍሪ ፋየርና ፐብጂ ባሉ ጨዋታዎች ተጫዋቾች ቡድን ሠርተው በድምፅና በጽሑፍ ይነጋገራሉ። መጫወት በራሱ ነውር አይደለም፤ አደጋው ራሱን ልጅ አስመስሎ የሚቀርበው ዐዋቂ ነው። እንዲህ ያለው ሰው በመጀመሪያ ያሞግሳል፤ ለጨዋታው የሚያገለግል ስጦታም ይሰጣል። ቀጥሎ ንግግሩን ወደ ቴሌግራም ያዛውራል፤ ለቤተሰብ እንዳይነገርም ያስጠነቅቃል። በመጨረሻም ፎቶግራፍ ይጠይቃል፤ ባገኘውም ያስፈራራል።

እንግዲህ ምን እናድርግ? አስቀድመን ከልጁ ጎን ተቀምጠን ጨዋታውን እንይ፤ ከማን ጋር እንደሚጫወትም እንጠይቅ። የማያውቀው ሰው እንዳያናግረው በጨዋታው ማስተካከያ መነጋገሪያውን እንዝጋ። ስሙን፣ ትምህርት ቤቱንና ፎቶግራፉን ለማንም እንዳይሰጥ እናስተምረው። ስልኩም ሌሊት ከመኝታው ይራቅ። ከወረዳ ለትምህርት መጥቶ በዘመድ ቤት የሚኖር ልጅ ካለ ይህ ኃላፊነት የተቀበለው ዘመድ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ልጁ ሳይፈራ የሚነግረን ሰዎች እንሁን። አስፈራሪው የሚተማመነው በልጁ ፍርሃት ነው፤ ቁጣችንን ፈርቶ የሚሸሽግ ልጅ በአስፈራሪው እጅ ይቀራል። ስለዚህ ሲነግረን «ስለ ነገርከኝ መልካም አደረግህ» እንበለው። መልእክቶቹን ሳናጠፋ እናስቀምጥ፤ ገንዘብም ሆነ ሌላ ፎቶግራፍ ሳንልክ ለፖሊስ እናመልክት። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን በኮምፒዩተር አማካይነት ለወሲባዊ ድርጊት ማባበልን ወንጀል አድርጎ ደንግጓል። የተጎዳውን ልጅ ወደ ንስሐ አባቱ ስናቀርበውም እንዲጽናና እንጂ እንዲያፍር አይሁን።

ካህኑ ዔሊ የተወቀሰው የልጆቹን ጥፋት እያወቀ ስላልከለከላቸው ነበር (1ኛ ሳሙ. 3፥13)። እኛም ለማወቅ ባለመጠየቃችን እንዳንወቀስ ዛሬ ማታ ከልጆቻችን ጎን እንቀመጥ። አምላከ ቅዱሳን ልጆቻችንን ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።