ፔራዴኒያ፦ የግዙፍ ዛፎች አጸድና የኛ ቡና

በአዲስ አበባ የባንኮችና የሆቴሎች መግቢያ ላይ፣ በአበባ ማስቀመጫ ተተክሎ የሚቆም፣ ቅጠሉ ትንንሽና የሚያብረቀርቅ፣ ከሰው ቁመት ብዙም የማያልፍ ተክል አለ። ፊከስ ቤንጃሚና ይባላል። የጽዳት ሠራተኞች ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ሲወለውሉት አይታችሁ ይሆናል። ይኸው ተክል ስሪላንካ ውስጥ፣ ፔራዴኒያ በሚባለው የዕፅዋት አጸድ፣ ሰፊ ሜዳ ላይ ብቻውን ቆሟል። ጥላው ከ1,000 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናል። ቅርንጫፎቹ ወደ ላይ መውጣቱን ትተው ወደ ጎን ስለተዘረጉ ማኅበርተኛው ሁሉ ከነዘመድ አዝማዱ ሥሩ ቢቀመጥ ገና ቦታ ይተርፋል። እኔ ግንዱ ሥር ቆሜ መጀመሪያ ያሰብኩት በመሥሪያ ቤታችን ኮሪደር የቆመውን ያን ምስኪን ነው።

ፔራዴኒያን ካየሁ ዓመታት አልፈዋል። ለሥራ ኮሎምቦ ሄጄ ቅዳሜና እሑድ ነጻ ስሆን፣ የአገሩ ሰው የሆነ ባልደረባዬ «ባሕሩን ተወው፣ ሽቅብ እንውጣ» ብሎ በባቡር ወደ ካንዲ ወሰደኝ። አጸዱ ከካንዲ ከተማ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ማሃዌሊ የሚባለው የአገሪቱ ረጅሙ ወንዝ ተጠማዝዞ ከብዙ ጎኑ ይዞታል። ስፋቱ 60 ሄክታር ይጠጋል። ከበሩ ብዙም ሳይርቅ ሥራቸው ከመሬት በላይ ወጥቶ እንደ ዘንዶ የሚጥመለመል ረድፍ ዛፎች አሉ። እነሱም የፊከስ ዘር ናቸው፤ ወፍራም ቅጠል ያለው፣ ብዙ ሰው ግቢው ውስጥ የሚተክለው ዓይነት። ሕጻናት ሥሩ ላይ እየተንጠላጠሉ ፎቶ ይነሳሉ። እኔም ተነስቻለሁ፤ ፎቶውን ግን አለጥፈውም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ፦ ዛፍ እዚያ ለምን እንዲህ ይገዝፋል? አፈሩ የተለየ ለም ስለሆነ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ወዲህ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ብርድ የሚባል አያውቅም፣ ዝናቡም በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ዝናቡ ተከፋፍሎ ነው የሚወርደው። የኛ ደጋ ዛፍ በክረምት ጠጥቶ በበጋ ይታገሣል፤ የዚያ ዛፍ ግን ከዓመት እስከ ዓመት ያለ ዕረፍት ማደግ ይችላል። ይህ ሌላም ነገር ያመጣል። ዛፍ ዕድሜው የሚቆጠረው ግንዱ ውስጥ ባሉት ቀለበቶች ነው ይባላል፤ ቀለበት የሚሠራው ግን ዕድገቱ በወቅት ሲቆምና ሲቀጥል ነው። ዕድገቱ ካልቆመ ጥርት ያለ ቀለበት የለም። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አገር የአንድን ዛፍ ዕድሜ በእርግጠኝነት ለማወቅ የተተከለበትን ዓመት የጻፈ ሰው ያስፈልጋል። አጸዱ ውስጥ ከዛፎቹ ሥር የቆሙትን ትንንሽ ሰሌዳዎች መጀመሪያ በንቀት ነበር የማያቸው፤ ይህን ካወቅሁ በኋላ ግን እያንዳንዱን ማንበብ ጀመርኩ።

ሌላው ትኩር ብዬ ያየሁት የጃቫ ለውዝ በሚባሉት ረጃጅም ዛፎች ግርጌ ያለውን ነው። ግንዱ መሬት ሊነካ ሲል ወደ ጎን ተከፍቶ ስስ ግድግዳ ይሆናል፤ በሁለቱ ግድግዳዎች መሃል ሰው ገብቶ ሊሸሸግ ይችላል። ምክንያቱ አፈሩ ነው። ብዙ ዝናብ በሚወርድበት አገር የአፈሩ ምግብ እየታጠበ ይሄዳል፤ የቀረው ከላይ፣ የረገፈ ቅጠል በሚበሰብስበት ስስ ንጣፍ ላይ ነው። ሥሩ ምግቡን ፍለጋ ወደ ጥልቅ መውረዱን ትቶ ወደ ጎን ይሮጣል። በዚህ ዓይነት የቆመ 30 እና 40 ሜትር ዛፍ ደግሞ ነፋስ እንዳይጥለው ግርጌው ላይ ድጋፍ ይሻል፤ ግድግዳዎቹ ያ ድጋፍ ናቸው። ግዝፈት የለምነት ምልክት ይመስለናል እንጂ፣ ያን ጫካ መንጥሮ እህል የሚዘራ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚያገኘው የደከመ መሬት ነው።

ቀርከሃውን በአጭሩ ልለፈው። ከበርማ የመጣ ዝርያ ነው፤ ወንዙ ዳር ተጠጋግቶ ቆሟል፤ በዝናብ ወቅት ቡቃያው በቀን እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያድጋል። የሲሼልስ ድርብ ኮኮነትም አለ፤ በዕፅዋት ዓለም ትልቁ ዘር የሱ ነው፤ ከ20 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፣ ለመብሰልም ስድስት ሰባት ዓመት ይፈጅበታል። በትውልድ አገሩ የሚበቅለው ሁለት ትንንሽ ደሴቶች ላይ ብቻ ነው።

ነገሥታት የተከሏቸው ዛፎችስ? ጎብኚው ሁሉ የሚሰበሰበው እዚያ ነው። በ1901 የኋላው የእንግሊዝ ንጉሥ አምስተኛ ጆርጅና ሚስቱ ሜሪ የተከሉት የመድፍ ጥይት ዛፍ አለ፤ ስሙን ያገኘው ከግንዱ ላይ ተንጠልጥለው ከሚወርዱት ክብና ከባድ ፍሬዎቹ ነው። አበባውም የሚወጣው ከቅርንጫፍ ጫፍ ሳይሆን ከግንዱ ነው፤ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። የሚገርመው፣ ዛፉ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ሆኖ ሳለ የስሪላንካ ቡድሂስቶች ቡድሃ ከተወለደበት ዛፍ ጋር አንድ አድርገውት በየቤተ መቅደሱ ይተክሉታል። እውነተኛው ሌላ የሕንድ ዛፍ ነው። ባልደረባዬ ይህን ያውቃል፤ «ታዲያስ? አበባው ያምራል» አለኝና አለፍን። ለነገሩ ንጉሥ አካፋ ይዞ ፎቶ መነሳቱ ለኔ ብዙም ታሪክ አይደለም።

ለኔ ታሪኩ ያለው ማንም ፎቶ በማይነሳበት በኩል ነው። እንግሊዞች ይህን አጸድ በ1821 በአሌክሳንደር ሙን ኃላፊነት ሲያቋቁሙ ዋና ዓላማቸው መናፈሻ አልነበረም። እንዲህ ያለ አጸድ ያን ጊዜ የግዛቱ የእርሻ ሙከራ ጣቢያ ነው፤ ከአንዱ ቅኝ ግዛት የመጣ ዘር ይበቅልበታል፣ ገንዘብ ያመጣ እንደሆነ ይታያል፣ ከዚያ ለባለ እርሻዎቹ ይታደላል። በቅመማ ቅመም ክፍሉ ስትሄዱ ገውዙ፣ ቅርንፉዱ፣ ቀረፋው ሁሉ አለ፤ እናቶቻችን ከመርካቶ በወረቀት ጠቅልለው የሚያመጡት ሁሉ በቁሙ፣ ዛፍ ሆኖ። ቀረፋ የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ገውዝና ቅርንፉድ ግን ከሩቅ ደሴቶች የመጡ ናቸው። የመኪና ጎማ የሚሠራበት የብራዚል ዛፍም በዚሁ መንገድ ነው የገባው፦ በ1876 ሄንሪ ዊክሃም 70,000 ያህል ዘር ከአማዞን ወደ ለንደን አወጣ፤ ከበቀለው ውስጥ 1,919 ችግኝ በ38 የመስታወት ሣጥን ተጭኖ ወደ ሲሎን፣ ማለት ወደ ዛሬዋ ስሪላንካ፣ መጣ። የተተከለው ፔራዴኒያ ሳይሆን ሄናራትጎዳ በሚባለው ቆላ ቅርንጫፍ ነው። ከእስያ የጎማ ሀብት ትልቁ ድርሻ ከእነዚያ ዘሮች የተገኘ ነው።

እና ቡና። ሲሎን የሻይ አገር ከመሆኗ በፊት የቡና አገር ነበረች። ከኛ ደቡብ ምዕራብ ደን ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን የዞረው ያው አረቢካ፣ በ1800ዎቹ አጋማሽ የካንዲን ተራሮች ሸፍኖ ነበር። ደኑ ተመንጥሮ፣ ከደቡብ ሕንድ የታሚል ሠራተኞች መጥተው፣ ከ100,000 ሄክታር በላይ መሬት ቡና ብቻ ተተከለበት። በ1869 አንድ ባለ እርሻ ከሥሩ ብርቱካናማ ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ቅጠል አየ። ቅጠሉ ወደ ፔራዴኒያ መጣ። የአጸዱ ኃላፊ ጆርጅ ትዌይትስ ወደ እንግሊዝ ላከው፤ ማይልስ በርክሌይ የተባለው የፈንገስ ሊቅ አዲስ ዝርያ መሆኑን አይቶ ስም ሰጠው። እኛ የቡና ቅጠል ዋግ የምንለው ነው።

ባለ እርሻዎቹ መጀመሪያ ብዙም አልደነገጡም፤ የቡና ዋጋ ጥሩ ስለነበር እንዲያውም ተጨማሪ ተከሉ። መንግሥት ሃሪ ማርሻል ዋርድ የተባለ ወጣት ሳይንቲስት በ1880 አስመጥቶ ሁለት ዓመት አስጠናው። እሱም የፈንገሱን የሕይወት ዑደት ገለጸላቸው፦ ዱቄቱ ዘር ነው፣ በነፋስ ይሄዳል፣ እርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይበቅላል። ተራራው ሁሉ አንድ ዓይነት ተክል ሲሆን ነፋሱን የሚያግደው ነገር የለም። መድኃኒት ግን አላገኘላቸውም። እስከ ክፍለ ዘመኑ መጨረሻ የሲሎን ቡና አለቀለት። ቦታውን ሻይ ወሰደ፤ ሻዩም ድንገት የተገኘ አይደለም፦ ፔራዴኒያ ከ1839 ጀምሮ የአሳም ሻይ ችግኝ ነበረው፣ ጄምስ ቴይለርም በ1867 ሉልኮንዴራ ላይ ስምንት ሄክታር ያህል ተክሎ ይሞክር ነበር። የሲሎን ሻይ ያልነው የተስፋፋው በአብዛኛው ቡናው በሞተበት መሬት ላይ ነው።

አሁን ወደ ካፋና ሸካ ደን እንምጣ። ዋጉ እኛም ጋ አለ፤ ቅጠሉን ገልበጥ ብታደርጉ ያንኑ ብርቱካናማ ዱቄት ታገኛላችሁ። ግን ደኑን እንደ ሲሎን አላጠፋውም። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ተበትኖ ይበቅላል፤ አንዱ ቁጥቋጦ ከአጠገቡ ካለው በዘር ይለያል፤ ዋጉን ራሱን የሚበላ ሌላ ፈንገስም እዚያው ቅጠል ላይ ይኖራል። ከየመን ተነስቶ ዓለምን የዞረው ቡና ግን ከጥቂት እናት ተክሎች የተባዛ ስለሆነ ይህ ሁሉ አብሮት አልሄደም። ዘሩ ተወሰደ፣ ጥላው ተቆረጠ። ትልቅ ዛፍ ለቡና ምን ያደርግለታል ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሲኖር የማወራለት ስለ ካፋ ሳይሆን ስለ ካንዲ ነው። ከዚያም የ«ጥላውን መንጥረህ ምርት ጨምር» ምክር ሲሰጥ ስሰማ ይቆጠቁጠኛል፤ ምክሩ አንዳንድ ቦታ ትክክል ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፣ ግን መካሪው የካንዲን ተራሮች ታሪክ አንብቦ ቢመክር ደስ ይለኛል።

ለምትሄዱ ደግሞ፦ በጠዋት ግቡ፤ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታመንም፣ ጃንጥላ ያዙ። ሰፊ ስለሆነ ምቹ ጫማ አድርጉ። ምግብ በእጃችሁ አትያዙ፣ ጦጣዎቹ ደፋሮች ናቸው። የኦርኪድ ቤቱን መጨረሻ ላይ ተዉት፤ መጀመሪያ ከገባችሁበት ሰዓቱን ይበላዋል። ቀና ብላችሁም እዩ፤ ከዛፎቹ ጫፍ እንደ ጥቁር ከረጢት የተንጠለጠሉት ፍሬዎች አይደሉም፣ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ የሌሊት ወፎች ናቸው። በቀን ተኝተው ማየት ይቻላል፤ ነገር ግን ልክ ከሥራቸው አትቁሙ።